አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለመማር መጽሐፍ መምረጥ፤ ከዩኒክስ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

በ1970ዎቹ አጋማሽ ዩኒክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከአሜሪካ የጠየቀ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውሉን ፈርሞ መጠነኛ ክፍያ ከፈጸመ በኋላ የሚደርሰው ጥቅል ትንሽ ነበር፤ ፕሮግራሙ የተቀዳበት ቴፕ ወይም ዲስክና የማኑዋሉ ቅጂ። አብሮት የሚመጣ አስተማሪ የለም። ቸግሮት የሚጠይቅ ቢኖር የሚመልስ ክፍል አልተቋቋመም። ስሕተት ቢገኝም አርሞ ለመላክ ቃል የገባ አልነበረም። የቤል ቤተ ሙከራ ባለቤት የነበረው ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ በ1956 ከአገሩ መንግሥት ጋር በገባው የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት ከስልክና ከመሰል አገልግሎቶች ውጭ ባለ ንግድ እንዳይሰማራ ተገድቦ ስለ ነበር፣ ዩኒክስን እንደ ሸቀጥ ሊሸጠውና ሊንከባከበው አልቻለም። ስለዚህ ሥርዓቱን የተቀበለ ሰው የነበረው ሀብት የተጻፈው ቃልና የራሱ ትጋት ብቻ ነበር።

ይህ ሁኔታ ለተጠቃሚዎቹ ችግር ቢሆንም ታሪኩን ወደ ኋላ ተመልሶ ለሚመረምር ሰው ግን ትልቅ ትምህርት ትቶ አልፏል። አንድን አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለመማር መጽሐፍ እስከ ምን ድረስ እንደሚያደርስ፣ የትኛውስ ዓይነት መጽሐፍ ለየትኛው ፍላጎት እንደሚበጅ የዩኒክስን ያህል በግልጥ ያሳየ ሥርዓት ማግኘት ያዳግታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም የኮምፒዩተሩን ማኅደረ ትውስታ፣ ዲስክ፣ ተርሚናልና የሥራ ጊዜ ለሚገለገሉበት ሁሉ የሚያከፋፍል፣ ሌሎች ፕሮግራሞች በላዩ የሚቆሙበት መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። ይህን የሚማር ሰው ሦስት ልዩ ልዩ ፍላጎቶች አሉት። በመጀመሪያ ገብቶ ሥራ መጀመር ይፈልጋል፤ ለዚህም እጁን ይዞ የሚያስገባ መሪ መጽሐፍ ያሻዋል። ሁለተኛ በሥራ መካከል ያላወቀውን ወይም የዘነጋውን ቶሎ ፈልጎ ማግኘት ይሻል፤ ለዚህ የሚበጀው መዝገብ ነው። ሦስተኛ ሥርዓቱ ለምን እንደዚያ ሆኖ እንደ ተሠራ ማወቅ ይመኛል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ትርጓሜ ነው። በመጽሐፍ ምርጫ የሚደርሰው ስሕተት ብዙውን ጊዜ መጽሐፉ መጥፎ ከመሆኑ የተነሣ አይደለም፤ ከአንዱ ዓይነት የሌላውን አገልግሎት ከመጠበቅ የተነሣ ነው እንጂ።

ስሙን ከመጽሐፉ የወሰደ ሥርዓት

የዩኒክስ ታሪክ የሚጀምረው በ1969 ነው። ቤል ቤተ ሙከራ ከማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋምና ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ጋር ሆኖ መልቲክስ የተባለ ታላቅ ሥርዓት ሲሠራ ቆይቶ በዚያ ዓመት ከውጥኑ ወጣ። በሥራው ውስጥ የነበሩት ኬን ቶምሰን፣ እምብዛም ሥራ ያልነበረውን ፒዲፒ 7 የተባለ አነስተኛ ኮምፒዩተር አግኝተው የራሳቸውን ትንሽ ሥርዓት መጻፍ ጀመሩ። ዴኒስ ሪቺና ሌሎች ጥቂት ባልደረቦቻቸውም ተባበሯቸው። ሥርዓቱ ፒዲፒ 11 ወደ ተባለው አዲስ ማሽን ከተዛወረ በኋላ የቤተ ሙከራው የፓተንት ክፍል ሰነዶቹን ለማዘጋጀት ይገለገልበት ጀመር። ከሠሪዎቹ ውጭ ተጠቃሚ በተገኘ ጊዜ የጽሑፍ መግለጫ የግድ ሆነ፤ በኖቬምበር 3 ቀን 1971 የመጀመሪያው የዩኒክስ ማኑዋል በቶምሰንና በሪቺ ስም ወጣ።

ያ ማኑዋል በሰባት ክፍሎች የተደለደለ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ተጠቃሚው በተርሚናል የሚጽፋቸውን ትእዛዞች፣ ሁለተኛው ፕሮግራሞች ሥርዓቱን አገልግሎት የሚጠይቁባቸውን ጥሪዎች ይዘረዝራል። ሦስተኛው ስለ ንዑስ ፕሮግራሞች፣ አራተኛው እንደ ፋይል ስለሚታዩት መሣሪያዎች፣ አምስተኛው ስለ ፋይሎች አቀማመጥ ይናገራል። የቀሩት ሁለቱ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ለጻፏቸው ፕሮግራሞችና ለልዩ ልዩ ጉዳዮች የተተዉ ናቸው። እያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱ ገጽ አለው፤ የገጹም ቅርጽ አንድ ዓይነት ነው። ስሙ፣ አጻጻፉ፣ መግለጫው፣ የሚነካቸው ፋይሎች፣ ከዚያም የፕሮግራሙ ጉድለት ይቀመጣል።

የመጨረሻው ርእስ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ፕሮግራም ጸሐፊው የሥራውን ድካም በገዛ ብዕሩ እንዲያስታውቅ ቦታ ተተወለት። ይህም ሁለት ፍሬ አፈራ። አንባቢው ማሽኑ ያልታሰበ ነገር ባደረገ ጊዜ ስሕተቱ የእርሱ ይሁን የፕሮግራሙ ለይቶ ለማወቅ ቻለ። ጸሐፊውም ጉድለቱን በአደባባይ ከማተም ማረሙ የሚቀልለው መሆኑን አየ። በኋላ ዘመን መጽሐፍ የሚመርጥ ሰው ሊይዘው የሚገባ አንድ መመዘኛ ከዚህ ይገኛል፤ ስለ ሥርዓቱ ድክመት አንዲት ቃል የማይናገር መጽሐፍ ማስታወቂያ እንጂ መማሪያ ሊሆን አይችልም።

ሥርዓቱ ከወር ወር ይለወጥ ስለ ነበር ለየለውጡ ቁጥር መስጠት አስቸጋሪ ነበር። የሚቆጠረው ማኑዋሉ ነው። አዲስ እትም በታተመ ቁጥር በዚያ ጊዜ የነበረው ፕሮግራም በእትሙ ስም ይጠራ ጀመር። በ1973 በሲ ቋንቋ እንደገና የተጻፈው ሥርዓት «አራተኛው እትም»፣ በ1975 ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተዳረሰው «ስድስተኛው እትም»፣ በ1979 የወጣው «ሰባተኛው እትም» የሚባሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ልማዱ መጽሐፍ ፕሮግራምን ተከትሎ እንዲሰየም ሲሆን በዩኒክስ ዘንድ ግን ፕሮግራሙ ስሙን ከመጽሐፉ ተዋሰ።

ይሁን እንጂ ማኑዋሉ መዝገብ ነበር። ቃላቱ ቁጥብ፣ ምሳሌዎቹ ጥቂት ናቸው። ፋይል ለመገልበጥ የሚፈልግ ሰው የትእዛዙ ስም «ሲፒ» መሆኑን አስቀድሞ ካላወቀ ገጹን ለማግኘት ይቸገራል። መዝገበ ቃላትን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው በማንበብ የባዕድ ቋንቋ የተማረ ሰው እንደሌለ ሁሉ፣ ማኑዋሉን ከዳር እስከ ዳር በማንበብ ብቻ ዩኒክስን መልመድም አዳጋች ነበር።

ለጀማሪው የተጻፈ መሪ

ይህን ጉድለት አስቀድመው ከተገነዘቡት አንዱ በዚያው ቤተ ሙከራ የሚሠሩት ብራያን ከርኒሃን ነበሩ። «ዩኒክስ ለጀማሪዎች» በሚል ርእስ ያዘጋጁት ጽሑፍ በጥቂት ገጾች የተወሰነ ነው። አንባቢው በተርሚናሉ ፊት ተቀምጦ ስሙን ጽፎ እንዴት እንደሚገባ፣ በጽሕፈት የሳተውን አንድ ፊደል ወይም አንድ ሙሉ መስመር እንዴት እንደሚሰርዝ፣ ፋይል እንዴት እንደሚፈጥርና እንደሚያነብ በቅደም ተከተል ያሳያል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሰነድ ዝግጅትና ወደ ፕሮግራም ጽሕፈት የሚሻገረው።

ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው የጽሑፉ አጨራረስ ነው። በመጨረሻው ክፍል ጸሐፊው አንባቢያቸው ቀጥሎ ምን ማንበብ እንዳለበት ይዘረዝራሉ። ዝርዝሩም በአንባቢው ሥራ የተከፋፈለ ነው፤ ለሁሉ የሚሆነው ለብቻ፣ ሰነድ ለሚያዘጋጅ ለብቻ፣ ፕሮግራም ለሚጽፍ ለብቻ። አንድ መሪ መጽሐፍ ሥራውን ፈጽሞ አንባቢውን ለሌላ መጽሐፍ አሳልፎ ሲሰጥ ግዴታውን በሚገባ ተወጥቷል ማለት ነው። ሁሉን በራሱ ለመያዝ የሚሞክር መሪ ግን ብዙውን ጊዜ ለጀማሪው ይከብደዋል፤ ለዐዋቂው ያንሰዋል።

የሰባተኛው እትም ማኑዋል በዳግላስ ማክኢልሮይ አዘጋጅነት በወጣ ጊዜ ይህ ክፍፍል በመጽሐፉ አካል ላይ ታየ። የመጀመሪያው ቅጽ እንደ ቀድሞው መዝገብ ሲሆን ሁለተኛው ቅጽ ተቀምጠው የሚያነቧቸውን መማሪያዎችና ሐተታዎች የያዘ ሆነ። በ1978 ደግሞ ከርኒሃንና ሪቺ ስለ ሲ ቋንቋ የጻፉት መጽሐፍ ታተመ። ገጾቹ ከ230 የማይበልጡት ይህ መጽሐፍ አንባቢውን በመጀመሪያው ምዕራፍ አንዲት አጭር ሰላምታ የምታትም ፕሮግራም አጽፎ ያስጀምረዋል። ሥርዓቱ ራሱ በሲ የተጻፈ ስለ ነበር ቋንቋውን ያወቀ ሰው የዩኒክስን ውስጥ ለማንበብ ግማሽ መንገድ ተጉዟል።

የላየንስ ትርጓሜ

ሦስተኛው ዓይነት መጽሐፍ የተወለደው ከቤል ቤተ ሙከራ እጅግ ርቆ በአውስትራሊያ ነው። በሲድኒ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ጆን ላየንስ፣ ሪቺና ቶምሰን በጁላይ 1974 ስለ ዩኒክስ ያሳተሙትን ጽሑፍ አንብበው ሥርዓቱን ለዩኒቨርሲቲያቸው ካስመጡት ሰዎች አንዱ ናቸው። ከቴፑ ጋር የምንጭ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ በእጃቸው የጻፉት ንባብ፣ አብሮ መጥቶ ነበር። ላየንስ ይህን ባዩ ጊዜ ተማሪዎች ለትምህርት ተብለው የተፈጠሩ ትንንሽ ምሳሌዎችን ብቻ ከሚያነቡ፣ በእውነት ሥራ ላይ ያለ ሙሉ ፕሮግራም እንዲያነቡ ማድረግ እንደሚቻል ተገነዘቡ። የስድስተኛው እትም አስኳል፣ ከርነል የሚባለው ክፍል፣ ከ10,000 መስመሮች ያነሰ ስለ ነበር አንድ ሰው ሙሉውን አንብቦ ሊረዳው የሚችል ነበር።

በ1976 ላየንስ ለተማሪዎቻቸው ሁለት ጥራዞች አዘጋጁ፤ በ1977ም አሻሽለው አወጧቸው። አንደኛው ጥራዝ በርእስ በርእሱ ተስተካክሎ እያንዳንዱ መስመር ቁጥር የተሰጠው የምንጭ ኮድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የመስመሩን ቁጥር እየጠራ የሚያብራራ ሐተታ ነው። አንባቢው ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ከንባቡ ወደ ሐተታው፣ ከሐተታው ወደ ንባቡ እየተመላለሰ ይማራል።

በኢትዮጵያ የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ወይም ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ይህን አካሄድ ለመረዳት አይቸገርም። በመጻሕፍት ቤት ደቀ መዝሙሩ ንባቡን አስቀድሞ ይይዛል፤ መምህሩ ንባቡን ከፍሎ «አንድም» እያለ ይተረጉምለታል። ንባብ ያልያዘ ሰው ትርጓሜ ቢሰማ የሚያንጠለጥልበት ያጣል፤ ንባብ ብቻ የያዘም ምሥጢሩ ይሠወረዋል። በላየንስ ሥራም ኮዱ ንባብ፣ ሐተታው ትርጓሜ ነበር ማለት ይቻላል። ሁለቱም ዓለማት የማይተዋወቁ ቢሆኑም መፍትሔያቸው ተመሳሰለ፤ ጥልቅ ጽሑፍ የሚጠናው ከምንጩ ሳይለዩ ነውና።

በዚያ ኮድ ውስጥ ማሽኑ አንዱን ሥራ አቁሞ ወደ ሌላው በሚሻገርበት ስፍራ፣ አንባቢው ይህን ይረዳል ተብሎ እንደማይጠበቅ የሚገልጥ አጭር ማስታወሻ አለ። ብዙዎች እንደ ትዕቢት ተመለከቱት። ሪቺ በኋላ እንደ ገለጡት ግን ማስታወሻው ይህ ነገር በፈተና አይመጣም እንደ ማለት ሲሆን፣ ከዚያም በላይ በዚያ ጊዜ ሠሪዎቹ ራሳቸው የሚሆነውን ነገር በሚገባ አልተረዱትም ነበር። ላየንስ ግን ስፍራውን ሳይዘሉ መስመር በመስመር ተከታትለው ለማስረዳት ደከሙ። ጥሩ ትርጓሜ የሚታወቀው በቀላሉ ስፍራ ላይ አብዝቶ በመናገሩ አይደለም፤ ደራሲው ራሱ በፈራው ስፍራ ላይ በመቆሙ ነው።

ክልከላና ፎቶ ኮፒ

የላየንስ ጥራዞች ለብዙ ጊዜ በነፃ ሊሠራጩ አልቻሉም። የምንጭ ኮዱ የኤቲ ኤንድ ቲ ንብረት ስለ ሆነ ጥራዞቹን በሕግ ማግኘት የሚችሉት የፈቃድ ውል ያላቸው ብቻ ነበሩ። ኩባንያው የዩኒክስን የንግድ ዋጋ እየተገነዘበ በሄደ መጠን ገደቡ ጠበቀ። በ1979 የሰባተኛው እትም ውል በወጣ ጊዜ የምንጭ ኮዱን በክፍል ውስጥ ማስተማር ተከለከለ። ትናንት በዩኒቨርሲቲ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የነበረው ንባብ በአንድ የውል አንቀጽ ተዘጋ።

ለዚህ የተማሪዎችና የመሐንዲሶች ምላሽ ፎቶ ኮፒ ነበር። የላየንስ ሐተታ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ የቅጂ ቅጂ ቅጂ እየሆነ፣ ፊደሉ እስኪደበዝዝ ድረስ ተባዛ። በኮምፒዩተር ሙያ ከተጻፉት ሁሉ እንደርሱ በፎቶ ኮፒ የተባዛ መጽሐፍ የለም ይባላል። ድርጊቱ ውል የሚጥስ እንደ ነበር አይካድም። ነገር ግን ሌላም ነገር ይመሰክራል፤ በገበያው ላይ የዩኒክስ መጽሐፍ እየበዛ በሄደበት ዘመን ሰዎች የደበዘዘውን ቅጂ መርጠው የያዙት ሌላው መጽሐፍ የማይሰጣቸውን ነገር ስለ ያዘ ነው። ሌሎቹ ሥርዓቱ ምን እንደሚያደርግ ይነግራሉ፤ ያ ቅጂ ግን እንዴትና ለምን እንደሚያደርገው ከነምንጩ ያሳያል።

የገበያው ዘመን

ኤቲ ኤንድ ቲ በጃንዋሪ 1984 ሲከፋፈል የቀድሞው የንግድ ገደብ ተነሣለት፤ ዩኒክስም የለየለት ሸቀጥ ሆነ። በዚያው ጊዜ ሥርዓቱ ወደ ሁለት ታላላቅ ወገኖች ተለይቶ ነበር። አንዱ ኩባንያው በ1983 ያወጣው ሲስተም ፋይቭ፣ ሌላው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ የተስፋፋው ቢኤስዲ ነው። መጽሐፍ መምረጥም በዚህ የተነሣ አዲስ ችግር ገጠመው። ጽሑፍ ለማተም በአንዱ ወገን «ኤልፒ» የሚባለው ትእዛዝ በሌላው «ኤልፒአር» ነው። በማሽኑ ላይ የሚካሄዱትን ሥራዎች የሚዘረዝረው ትእዛዝ ስሙ በሁለቱም አንድ ቢሆንም አብረውት የሚጻፉት ምልክቶች የተለያዩ ነበሩ። የበርክሌይን ሥርዓት ይዞ የሲስተም ፋይቭን መጽሐፍ የገዛ ጀማሪ መጽሐፉ የሚለውን ቃል በቃል ጽፎ ማሽኑ እምቢ ሲለው ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

በዚህ ዘመን የወጡት መጻሕፍት ዕድሜ ለንጽጽር የተመቸ ነው። ትእዛዞችን በብዛት ዘርዝረው የወጡት ሥርዓቱ በተለወጠ ቁጥር አረጁ። በ1984 ከርኒሃንና ሮብ ፓይክ ስለ ዩኒክስ የፕሮግራም አሠራር የጻፉት መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ አንባቢ አላጣም። ምክንያቱ ግልጥ ነው። መጽሐፉ ትእዛዞቹን ያስተምራል፤ ነገር ግን ዋና ዓላማው ትንንሽ ፕሮግራሞችን እርስ በርስ በማገናኘት ታላቅ ሥራ የመሥራትን ልማድ ማስረጽ ነው። የአንዱ ፕሮግራም ውጤት ለሌላው እንዲፈስስለት የሚያደርገው ማገናኛ፣ ፓይፕ የሚባለው፣ በማክኢልሮይ ጉትጎታ በ1973 በሥርዓቱ ውስጥ የገባ ነው። የትእዛዙ ምልክት ቢለወጥ እንኳ ይህ አስተሳሰብ አይለወጥም።

ስለ ሥርዓቱ ውስጥ ለመጻፍ የፈለጉትም መንገድ አላጡም። የቤል ቤተ ሙከራ ባልደረባ የነበሩት ሞሪስ ባክ በ1986 ስለ ዩኒክስ አሠራር ባወጡት መጽሐፍ የምንጭ ኮዱን ሳያትሙ የሥራውን ቅደም ተከተል በራሳቸው አገላለጥ ዘርዝረው አስረዱ። መጽሐፉ ለብዙ መሐንዲሶች ታላቅ አገልግሎት ሰጠ። ሆኖም አንባቢው የሚነገረውን ከንባቡ ጋር አስተያይቶ ለማረጋገጥ አይችልም ነበር፤ ንባቡ ተቆልፏልና።

ከአምስተርዳም እስከ ሄልሲንኪ

የክልከላው እጅግ የማይጠበቅ ውጤት የታየው በሆላንድ ነው። በአምስተርዳም የነፃ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት አንድሩ ታነንባም የዩኒክስን ኮድ ማስተማር ስለ ተከለከሉ፣ ለትምህርት ብቻ የሚሆን በውጭ መልኩ ዩኒክስን የሚመስል፣ በውስጡ ግን ከኤቲ ኤንድ ቲ ኮድ አንዲት መስመር የሌለበት ሥርዓት ራሳቸው ጻፉ። ሚኒክስ ብለው ሰየሙት። በ1987 ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አነዳደፍና አሠራር ባሳተሙት መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ወደ 12,000 የሚሆኑት የሚኒክስ መስመሮች ታትመው ወጡ። ሥርዓቱ በተራ አይቢኤም ፒሲ ላይ ይሠራ ስለ ነበር አንባቢው መጽሐፉን በአንድ እጁ፣ ማሽኑን በሌላው እጁ ይዞ ለመማር ቻለ። የላየንስ ዘዴ በሌላ ስፍራና በሌላ ኮድ ተመልሶ ተነሣ።

ከመጽሐፉ አንባቢዎች አንዱ በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። ቶርቫልድስ በ1991 መጀመሪያ ኮምፒዩተር ገዝቶ ሚኒክስን ጫነበት፤ ከዚያም የራሱን ሥርዓት መጻፍ ጀመረ። ሥራው እየሰፋ ሲሄድ ሥርዓቱ ለፕሮግራሞች ምን ምን ጥሪዎችን ማቅረብ እንዳለበት ማወቅ አስፈለገው። በዚያው ዓመት በጁላይ ፖሲክስ የተባለውን ይፋዊ ደረጃ ቢያፈላልግም በቀላሉ ሊያገኘው አልቻለም። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲው የነበረውን የሰን ኩባንያ ዩኒክስ ማኑዋል ገልጦ ጥሪዎቹን አንድ በአንድ ከዚያ ወሰደ። በኦገስት 25 ቀን 1991 ሥራውን ለሚኒክስ ተጠቃሚዎች አስታወቀ፤ በሴፕቴምበር የመጀመሪያው የሊነክስ ኮድ ወጣ።

የዚህ ወጣት አመራረጥ በሚገባ ሊታይ ይገባል። ከትርጓሜው መጽሐፍ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በውስጡ እንዴት እንደሚቆም ተማረ። ከመዝገቡ መጽሐፍ ሥርዓቱ በውጭ ምን መምሰል እንዳለበት ወሰደ። አንዱ በሌላው ምትክ ሊሆነው አይችልም ነበር። ከዚህም በላይ የተማረበት መጽሐፍ ባሪያ አልሆነም። ታነንባም አስኳሉ አንሶ አብዛኛው ሥራ በተነጣጠሉ ክፍሎች እንዲከናወን ያስተምራሉ፤ ቶርቫልድስ ግን አስኳሉን አንድ ወጥ አድርጎ ጻፈው። በጃንዋሪ 1992 በዚህ ጉዳይ ሁለቱ በአደባባይ በጽሑፍ ተከራከሩ። መምህሩ ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ አንባቢውም እንዲሁ። ነገር ግን ያ መጽሐፍ ባይኖር ኖሮ ተማሪው የሚከራከርበትን ዕውቀት ከየት ያገኝ ነበር?

መራጩ ሊጠይቅ የሚገባው

ዛሬ አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በጠረጴዛው ላይ የቀረበለት መሐንዲስ ችግሩ የመጽሐፍ እጦት አይደለም፤ ብዛት ነው። ሆኖም ከዚህ ታሪክ የሚወጡት ጥያቄዎች አላረጁም።

የመጀመሪያው ጥያቄ መጽሐፉ ስለ ምን ሳይሆን ለየትኛው ፍላጎት ተጻፈ የሚለው ነው። መሪ ከሆነ አጭር መሆኑና በመጨረሻው ወደ ሌላ መጽሐፍ ማመልከቱ ይታይ። መዝገብ ከሆነ ቅርጹ አንድ ወጥ መሆኑና ጉድለትን መሰወር አለመሰወሩ ይመርመር። በሊነክስ ላይ ዛሬም «ማን» በተባለችው አጭር ትእዛዝ የሚከፈተው መዝገብ በቁጥር የተለዩትን ክፍሎችና የጉድለቱን ርእስ ከ1971ዱ ማኑዋል ወርሷል፤ ይህን መዝገብ ማንበብ የለመደ ሰው ሌላ ወፍራም የትእዛዝ ዝርዝር ለመግዛት ብዙ ምክንያት አይኖረውም። ትርጓሜ ከሆነ ደግሞ የሚተረጉመው ንባብ በአንባቢው እጅ መኖሩ ይረጋገጥ።

ሁለተኛው ጥያቄ መጽሐፉ የሚናገርለት ሥርዓት በእርግጥ በማሽኑ ላይ ያለው ነው ወይ የሚለው ነው። በበርክሌይና በሲስተም ፋይቭ መካከል የተንከራተተው ጀማሪ ያጣው ትጋት አልነበረም፤ በሽፋኑ ላይ ያለውን ስም እንጂ በውስጡ ያለውን የሥርዓቱን ዓይነትና እትም አለመመልከቱ ነው የጎዳው።

ሦስተኛው ጥያቄ ሥርዓቱ ነገ ቢለወጥ ከመጽሐፉ ምን ይተርፋል የሚለው ነው። ሁሉ የሚያልፍ ከሆነ መጽሐፉን መዋስ ይበቃል። አስተሳሰቡ የሚተርፍ ከሆነ ግን ዋጋው ቢከብድም መግዛት ያዋጣል።

ላየንስ በጤና መታወክ ምክንያት በ1995 ከማስተማር ሥራቸው ተገለሉ። በ1996፣ ጥራዞቻቸው ከተዘጋጁ ከ20 ዓመት በኋላ፣ የኮዱ ባለ መብት የሆነው ኩባንያ ፈቅዶ መጽሐፉ ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ ታተመ፤ በደበዘዘ ቅጂ የተማሩት ጎልማሶች የጠራውን እትም ገዝተው በመደርደሪያቸው አኖሩት። ላየንስ በዲሴምበር 1998 አረፉ። በ2002 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም የኦፐሬቲንግ ሲስተም ትምህርቱን ሲያዘጋጅ የመረጠው ያንኑ ሐተታና ያንኑ ስድስተኛ እትም ነበር። በ2006 መምህራኑ ሥርዓቱን ለአዲስ ማሽን እንደገና ጽፈው፣ የላየንስን አርአያ ተከትለው ኮዱን ከነሐተታው አወጡት።

ፒዲፒ 11 ዛሬ በአብዛኛው የሚገኘው በሙዚየም ነው። የስድስተኛው እትም ትእዛዞች አብዛኛዎቹ ተለውጠዋል ወይም ተስፋፍተዋል። በዚያ ቀጭን ሐተታ የተማረው ተማሪ ግን የትኛውንም ማሽን ቢሰጡት በውስጡ ያለው የሰው ሥራ እንደ ሆነ፣ የሰው ሥራም በትዕግሥት ቢነበብ እንደሚገባ ያውቃል። መጽሐፍ የሚመርጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊፈልገው የሚገባ ይህን እምነት የሚሰጠውን ነው።